ንድፋቸውን ያልሸሸጉ ሠሪዎች

ሙያ ያለው ሰው ሙያውን ለልጁ ያወርሳል እንጂ ለተወዳዳሪው አይገልጥም። አንጥረኛው የብረቱን አቀላለጥ፣ ሸማኔው የጥለቱን አጣጣል፣ መድኃኒተኛው የሥሩን ዓይነት ሸሽጎ መኖሩ በአንድ አገር ብቻ የታየ ጠባይ አይደለም፤ ምስጢሩ የኑሮው ዋስትና ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የሠራውን መኪና ንድፍ፣ የክፍሎቹን ልክና የአገጣጠማቸውን ዘዴ ጭምር ለዓለም በነጻ ገልጦ «የፈለገ ይሥራው፤ የቻለ ያሻሽለው፤ የወደደ ይሽጠው» የሚል ሠሪ ተነሣ ቢባል፣ ሰሚው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ሞኝ ነው ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያሉ ሠሪዎች ግን በእውነት ተነሥተዋል። ሥራቸውም በፈረንጆቹ ዘንድ «ኦፕን ሃርድዌር» ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ክፍት ንድፍ» እንለዋለን።

እነዚህ ሰዎች ቅዱሳንም ሞኞችም አልነበሩም። ንድፋቸውን በመግለጣቸው ከማያውቁት ሰው ገንዘብ፣ ምክርና የነጻ ጉልበት አግኝተዋል፤ በትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ ይገኝ የነበረውንም መኪና በተማሪ ጠረጴዛ ላይ አኑረዋል። ይሁን እንጂ በማኅበረሰብ ድጋፍ ከቆሙት ድርጅቶች ብዙዎቹ ወይ ተዘግተዋል፣ ወይ የገለጡትን ንድፍ መልሰው መሸሸግ ጀምረዋል። ምክንያቱን ከታሪኩ ለመረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ታሪኩ ከኮምፒዩተር ዘመን አይጀምርም። በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ምዕራብ ጫፍ ኮርንዎል የሚባል አውራጃ አለ። ምድሩ መዳብና ቆርቆሮ የሚወጣበት ነበር፤ ጕድጓዶቹ እየጠለቁ በሄዱ መጠን ግን ውሃ ይሞላቸዋል። ውሃውን ለመሳብ የእንፋሎት መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው የድንጋይ ከሰል ይበላል፤ ከሰል ደግሞ በኮርንዎል የለም፤ ከዌልስ በመርከብ ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ ለኮርንዎል ባለ ማዕድን የአንድ ቁና ከሰል ቍጠባ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነበር።

ጄምስ ዋት እንፋሎቱን በተለየ ዕቃ ውስጥ የሚያቀዘቅዘውን ዘዴ በ1769 በፓተንት አስመዘገበ፤ የእንግሊዝ ፓርላማም በ1775 ይህን መብት እስከ 1800 አራዘመለት። ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ከባለ ማዕድኖቹ የሚቀበሉት የመኪናውን ዋጋ ሳይሆን፣ መኪናው ከቀድሞው የኒውኮመን መኪና ይልቅ ከቆጠበው ከሰል የዋጋውን ሢሶ ነበር። ጥበቡ ታላቅ፣ ውሉም ብልኅ እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን ሌላ ሰው ያንኑ ሐሳብ ለማሻሻል ሲነሣ በፍርድ ቤት ይታገዳል፤ ጆናታን ሆርንብሎወር ባለ ሁለት ሲሊንደር መኪናውን ይዞ ቢነሣ የደረሰበት ይኸው ነው። ኮርንዎል ዋትን ያከብረው እንጂ አይወድደውም ነበር ማለት ይቻላል።

ፓተንቱ በ1800 ሲያበቃ ቦልተንና ዋት ከኮርንዎል ወጡ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወዲያው የሚሻሻል ይመስላል፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። የሚቈጣጠርና የሚያወዳድር ስላልነበረ ለዐሥር ዓመታት ያህል መኪናዎቹ እየደከሙ ሄዱ። በ1811 የማዕድን አለቆቹ ተመካክረው ጆኤል ሊን የተባለውን የማዕድን ሹም የእያንዳንዱን መኪና ሥራ በየወሩ እየመረመረ እንዲያወጣ አደረጉ። መዝገቡ የመኪናውን መጠን፣ የፈጀውን ከሰል፣ ያወጣውን ውሃ፣ የመሐንዲሱንም ስም ጭምር የሚገልጥ ነበር። ሊን በዓመቱ ቢሞት ልጆቹ ያዙት፤ መዝገቡም እስከ 1904 ድረስ ሳይቋረጥ ወጣ። በ1812 ሪቻርድ ትሬቪቲክ በዊል ፕሮስፐር ማዕድን ከፍ ያለ ግፊት ባለው እንፋሎት የሚሠራ መኪና ተከለ፤ ፓተንትም አላወጣበትም። ሌሎች መሐንዲሶች አዩት፣ ወሰዱት፣ አሻሻሉት። መለኪያቸው በአንድ ቡሽል ከሰል ስንት ሚሊዮን ፓውንድ ውሃ አንድ ጫማ ከፍ ይላል የሚል ነበር። መዝገቡ ሲጀመር የመኪናዎቹ አማካይ ከ20 ሚሊዮን በታች ሲሆን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሶአል፤ በ1835 በፎዊ ኮንሶልስ ማዕድን የተፈተነው መኪና ደግሞ ከ100 ሚሊዮን አልፎአል። ይህ ሁሉ የተገኘው አንዱ የሌላውን ሥራ በግልጥ እያየ ስለ ሠራ ነው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ በኋላም እንመለስበታለንና። የኮርንዎል መሐንዲስ መኪና ሸጦ አይኖርም ነበር። ደመወዙን የሚከፍለው ባለ ማዕድኑ ነው፤ ስሙ በሊን መዝገብ ላይ ከፍ ብሎ ሲታይ ሌላ ማዕድን ይጠራዋል። ባለ ማዕድኖቹም በብዙ ጕድጓዶች ላይ አክሲዮን ስለ ነበራቸው፣ የአንዱ መኪና ዘዴ ወደ ሌላው ቢተላለፍ ያው ለራሳቸው ይጠቅማቸዋል። ስለዚህ ንድፉን የገለጠው ሰው፣ በንድፉ የተጠቀመውና ሂሳቡን የከፈለው በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ነበሩ። ከዚህ ማዕድ የራቀ ሰው ምን እንደሚያገኘው ትሬቪቲክ ራሱ ይመሰክራል፤ ወደ ፔሩ ሄዶ ተመልሶ፣ ለአገሩ ማዕድን ስላተረፈው ከሰል ከፓርላማ ዋጋ ቢጠይቅ ተከልክሎ በ1833 ድኻ ሆኖ ሞተ።

ከዚህ ዘመን ወደ እኛ ዘመን ስንሻገር በመካከል የሚገኘው ድልድይ ሶፍትዌር ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለሁሉ ነጻ ይሁን ብሎ ተነሣ፤ ያወጣውም የፈቃድ ውል የተሰጠህን እያሻሻልህ ለሌላው በዚያው ነጻነት አስተላልፍ የሚል ነበር። ብዙ ሰው ተከተለው፤ ተሳካም። ነገር ግን ፕሮግራም ሲባዛ ወጪ የለውም፤ አንድ ጊዜ የተጻፈው ለአንድ ሰውም ለሚሊዮን ሰውም ያው ነው። የፈቃድ ውሉም በደራሲ መብት ሕግ ላይ የቆመ ስለ ሆነ የሚጥሰውን መክሰስ ይቻላል። መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ብረትና ሞተር ይገዛል፤ መጋዘን ይፈልጋል፤ በመቶ ሲታዘዝ አንድ ዋጋ፣ በዐሥር ሺህ ሲታዘዝ ሌላ ዋጋ አለው። የደራሲ መብትም ሥዕሉን ይጠብቃል እንጂ ከሥዕሉ የተሠራውን ጠቃሚ ዕቃ በአብዛኛው አይጠብቅም። የሶፍትዌሩን ተስፋ ወደ ብረቱ ያሸጋገሩት ሰዎች ይህን ልዩነት ዘግይተው ተረዱት ብንል አናጋንንም።

በባዝ ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምሕንድስና መምህር የነበሩት ዶክተር አድሪያን ቦውየር በ2005 «ሬፕራፕ» የተባለውን ሥራ ጀመሩ። ሐሳባቸው ራሱን የሚያባዛ መኪና ለመሥራት ነበር። መኪናው ዛሬ ስሪ ዲ ፕሪንተር የምንለው ሲሆን፣ እንደ ገመድ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ በስሱ እየደረበ ዕቃ ያበጃል። ከሚያበጃቸውም ዕቃዎች መካከል የራሱ የፕላስቲክ ክፍሎች ይገኛሉ፤ ዘንጉን፣ ሞተሩንና ብሎኑን ከገበያ ገዝቶ መጨመር ይበቃል። ንድፉ ሁሉ በነጻ ተገለጠ። «ዳርዊን» የሚል ስም የተሰጠው የመጀመሪያው መኪና በግንቦት 2008 የራሱን ክፍሎች አበጅቶ ልጁ ሲገጣጠም፣ የሥራው ተካፋይ የነበሩት ሚስተር ቪክ ኦሊቨር ከኒውዚላንድ መጥተው ከዶክተር ቦውየር ጋር ከአባትና ከልጅ መኪና አጠገብ ቆመው ታይተዋል። በዚያን ጊዜ ይህን ዓይነት መኪና የሚሠሩ ኩባንያዎች በብዙ አሥር ሺህ ዶላር ይሸጡት ነበር፤ የዳርዊን ዕቃ ግን በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። በ2009ም የአሜሪካው ስትራታሲስ ኩባንያ በዘዴው ላይ የነበረው ዋነኛ ፓተንት ዘመኑ አበቃ። ልክ እንደ ኮርንዎል በር ተከፈተ።

በዚያው በ2009 መጀመሪያ ላይ በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ሰፈር ሦስት ሰዎች፣ ሚስተር ብሬ ፔቲስ፣ ሚስተር አዳም ሜየርና ሚስተር ዛካሪ ስሚዝ፣ «ሜከርቦት» የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሚስተር ስሚዝ ቀድሞ ከሬፕራፕ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። ለመቋቋሚያ ከተሰጠው 75,000 ዶላር ውስጥ 25,000 ዶላሩን የሰጡት ዶክተር ቦውየርና ባለቤታቸው ናቸው። ኩባንያው የመጀመሪያ መኪናውን ሳይገጣጠም በሳጥን እያደረገ ሸጠ፤ ንድፉም ክፍት ነበር። ገዢዎቹ ተራ ገዢዎች አልነበሩም፤ ጕድለቱን እየነቀሱ መድኃኒቱን ይልኩ ነበር። ትእዛዝ ሲበዛና ክፍል ሲያንስ ኩባንያው መኪና የገዙትን ሰዎች ለሚቀጥሉት ገዢዎች ክፍል አትሙልን ብሎ ለመነ፤ እነርሱም አተሙ። ደንበኛ ለነጋዴው ዕቃ ሲሠራለት ማየት በንግድ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይመስለንም። ከዚህም በላይ «ቲንጊቨርስ» በተባለው መዝገባቸው ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች የየራሳቸውን ንድፍ በነጻ አኖሩ።

በ2011 ባለ ካፒታሎች 10 ሚሊዮን ዶላር አገቡ። በ2012 ሚስተር ስሚዝ ከኩባንያው ወጡ። በዚያው ዓመት በነሐሴ አንድ ሰው የሜከርቦትን መኪና አንድም ሳይለውጥ ሠርቼ ዋጋውን በሢሶ ቀንሼ እሸጣለሁ ብሎ ከሕዝብ መዋጮ ጠየቀ። የክፍት ንድፍ ደንብ ይህን ስለሚፈቅድ ሕግ አላፈረሰም፤ ብዙ ሰው ግን ነገሩን ነውር ብሎ ስለ ቈጠረው የሚፈልገውን ገንዘብ ሳያገኝ ቀረ። በወሩ ሜከርቦት አዲስ መኪና አወጣ፤ የዚህኛው ንድፍ ግን ተዘግቶ ነበር። ሚስተር ፔቲስ የሰጡት ምክንያት ሠራተኞቻቸውን የሚመግብ ንግድ መጠበቅ እንዳለባቸው፣ ሥራቸውን እንዳለ ገልብጦ በርካሽ ከሚሸጥ ሰው ጋር መወዳደርም እንደማይቻል የሚል ነበር። ሚስተር ስሚዝ በበኩላቸው የተቋቋሙበትን ዓላማ መካድ ነው ብለው በግልጥ አዘኑ። ንድፋቸውን በቲንጊቨርስ ያኖሩ ብዙ ሰዎችም ተቈጥተው አነሡ፤ ከነርሱም አንዱ የክፍት ንድፍን ምልክት በክንዳቸው ላይ ያስነቀሱት የቼክ ተወላጅ ወጣት ሚስተር ዮሴፍ ፕሩሻ ነበሩ። ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን።

በ2013 ያው ስትራታሲስ፣ የቀድሞው ፓተንት ባለቤት፣ ሜከርቦትን 403 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ አክሲዮን ገዛው። በ2014 የወጡት መኪናዎች የፕላስቲክ ማቅለጫቸው እየተበላሸ ገዢውን አስመረረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሠራተኞቹ አንድ አምስተኛው ያህል ተሰናበቱ፤ በ2016ም የብሩክሊን ፋብሪካ ሥራ ቆሞ ለሌላ ኩባንያ ተሰጠ። የቀድሞዎቹ ደንበኞች ቢሆኑ ኖሮ የማቅለጫውን ጕድለት በጥቂት ሳምንት ነቅሰው በላኩለት ነበር የሚሉ አሉ። ይህ ሊረጋገጥ የማይችል ነገር ነው፤ ግን በ2009 እንደዚያ ያደርጉ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ሚስተር ፔቲስን መውቀስ ቀላል ነው። እኛም የሰው ጉልበት በነጻ ተቀብሎ በሩን በኋላ መዝጋት ተገቢ ነው አንልም። ነገር ግን ያነሡት ችግር የሐሰት ችግር አልነበረም። በክፍት ንድፍ የሚሠራ ሰው ለምርመራ፣ ለሙከራና ለተበላሸው ናሙና ሁሉ ይከፍላል፤ የአሠራሩን መጽሐፍ ይጽፋል፤ ስልክ እያነሣ ለገዢ ያስረዳል። ገልባጩ የሚከፍለው የብረቱንና የሞተሩን ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ከገልባጩ በርካሽ የገዛው ሰው መኪናው ሲያስቸግረው ምክር የሚጠይቀው ሻጩን ሳይሆን የንድፉን ባለቤት ነው፤ ገልባጩ መልስ የለውምና።

የክፍት ንድፍ ሰዎች ይህን ሳያስቡት አልቀሩም። በ2010 በኒውዮርክ ተሰብስበው ተማከሩ፤ በ2011 መጀመሪያ የክፍት ንድፍ ትርጓሜ የሚባለውን የመጀመሪያ ደንባቸውን አጸደቁ፤ በ2012 ማኅበር አቋቋሙ። በደንቡ ላይ አንዱ ዋና ነገር ንድፉን የወሰደ ሰው ሠርቶ እንዳይሸጥ መከልከል አይቻልም የሚለው ነው። ሽያጭ የተከለከለበት ንድፍ ክፍት ሊባል አይገባውም አሉ። ይህ ከመርህ አንጻር ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሠሪው የሚኖርበት ብቸኛው ነገር ሽያጩ መሆኑን ስናስብ፣ ኮርንዎል ያልነበረባት ችግር እዚህ እንዳለ እናያለን፤ የሚገልጠውና የሚከፍለው ከአንድ ማዕድ ተነሥተዋል።

የቀረላቸው አንድ አጥር የንግድ ስማቸው ነበር። ንድፉን ውሰድ፤ ስሜን ግን አትውሰድ ይላሉ። ይህን በተሻለ ሁኔታ የሠራበት በኢጣልያ አገር በኢቭሬያ ከተማ በ2005 የተጀመረው «አርዱዊኖ» ነው። ኢቭሬያ የጽሕፈት መኪናው በአገራችን ቢሮዎችም የሚታወቀው የኦሊቬቲ ከተማ ናት። ሚስተር ማሲሞ ባንዚና ባልደረቦቻቸው ለተማሪ የሚሆን ትንሽ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ሠሩ፤ ስሙንም ሲገናኙበት ከነበረው መጠጥ ቤት ወሰዱ፤ መጠጥ ቤቱ ደግሞ ከ1002 ጀምሮ የኢጣልያ ንጉሥ በነበረው በአርዱዊን ስም የሚጠራ ነው። ሰሌዳውን ዓለም ሁሉ ገለበጠው፤ ስሙ ግን የነርሱ ስለ ነበረ ቆሙ። ዳሩ ግን ከአምስቱ መሥራቾች አንዱ የነበሩት፣ ሰሌዳውን የሚያመርተው ኩባንያ ባለቤት፣ ስሙን በኢጣልያ በራሳቸው ኩባንያ አስመዝግበውት ኖሮ፣ ነገሩ ሲገለጥ ሁለት አርዱዊኖዎች በአንድ ገበያ ቆመው በፍርድ ቤት ተካሰሱ። እርቅ የወረደው በ2016 ነው። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ታላቅ ኩባንያ ኳልኮም አርዱዊኖን ሊገዛ መሆኑን አስታወቀ። ስለዚህ አጥሩም ከውስጥ እንደሚፈርስ፣ ካልፈረሰም እንደሚሸጥ ታየ።

ወደ ስሪ ዲ ፕሪንተሮቹ እንመለስ። በ2011 በካሊፎርኒያ «ፕሪንትርቦት» የተባለ መኪና ሐሳብ ለሕዝብ ቀርቦ፣ ባለቤቱ 25,000 ዶላር ቢለምኑ ከ830,000 ዶላር በላይ ተዋጣላቸው። የማኅበረሰብ ድጋፍ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ሆኖም መዋጮ የመጀመሪያውን ዓመት ያሻግራል እንጂ አምስተኛውን ዓመት አይመግብም። እንዲያውም አስቀድሞ የከፈለ ሕዝብ ቃል የተገባለትን መኪና በቀኑ ይፈልጋል፤ ክፍል ቢዘገይ፣ ዋጋ ቢጨምር ጉድለቱን የሚሸፍነው ሠሪው ነው። ፕሪንትርቦት ሽያጩ እየቀነሰ ሄዶ በ2018 ተዘጋ። በኮሎራዶ የነበረው «አሌፍ ኦብጀክትስ» ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለመርሁ የታመነ ነበር፤ ሶፍትዌሩም ብረቱም ሙሉ በሙሉ ነጻ ስለ ነበር ነጻ ሶፍትዌርን የሚጠብቀው ድርጅት ምስክርነት ሰጥቶታል። እርሱም በ2019 አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናብቶ ንብረቱ ተሸጠ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የዶክተር ቦውየር የራሳቸው ኩባንያ ጉዳይ ነው። ሬፕራፕን ለዓለም የሰጡት እኚህ ሰው «ሬፕራፕ ፕሮ» ብለው ያቋቋሙት ድርጅት፣ እርሳቸው የከፈቱት ገበያ በርካሽ መኪናዎች ስለ ተጨናነቀ፣ በጥር 2016 በሩን ዘጋ። አባት በልጆቹ ብዛት ከቤቱ ወጣ እንደ ማለት ነው።

አሁን ስሙን እንድትይዙልን ወደ ለመንናችሁ ሰው እንመጣለን። ሚስተር ፕሩሻ በ2010 የሬፕራፕን መኪና አቃልለው ሠሩ፤ በ2012 በፕራግ ከተማ ኩባንያ አቋቋሙ። መኪናቸው በመላው ዓለም በተለይም በቻይና ያለ ልክ ተገለበጠ፤ እርሳቸው ግን ንድፋቸውን እየገለጡ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ምስጢራቸው ትጋት ነበር፤ የገዢውን ጥያቄ ቀንም ሌሊትም መመለስ፣ ገልባጩ የዛሬውን ሲገለብጥ የነገውን ማውጣት። በፋብሪካቸው ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ መኪናዎች ቆመው ለአዲሶቹ መኪናዎች ክፍል ያትማሉ፤ የዶክተር ቦውየር ሕልም በተግባር የታየው ምናልባት እዚያ ነው።

በ2023 ግን ሚስተር ፕሩሻ አዲሱን መኪናቸውን ሲያወጡ የኤሌክትሪክ ሰሌዳውን ንድፍ አልገለጡም። የጻፉትም ጽሑፍ ገልባጮቹ ወስደው ምንም እንደማይመልሱ የሚያመለክት ነበር። በ2025 ከዚህ ጠንክረው በዚህ የሥራ ዘርፍ ክፍት ንድፍ ሞቶአል እስከ ማለት ደረሱ። ቅሬታቸው በርካሽ መሸጥን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የቻይና መንግሥት ከ2020 ወዲህ ይህን ኢንዱስትሪ በልዩ ድጋፍ እንደሚያበረታታ፣ በዚያም አገር በክፍት ንድፍ የታወቀውን ዘዴ ሳይቀር በጥቂት ወጪ በፓተንት ማስመዝገብ እንደሚቻል፣ ያንን ፓተንት ለማስሻር ግን ብዙ እጥፍ ገንዘብና ዘመን እንደሚጠይቅ ገለጡ። በኋላም የአንድ መኪናቸውን ንድፍ ሲያወጡ ሠርቶ መሸጥን የሚከለክል ውል አኖሩበት። በ2012 ሜከርቦትን የተቃወሙት ወጣት፣ ምልክቱ ዛሬም በክንዳቸው ላይ እያለ፣ በማኅበሩ ደንብ መሠረት ክፍት የማይባል ንድፍ አወጡ ማለት ነው። እኛ ይህን ክህደት ለማለት አንደፍርም፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት የተሸከመ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ የሚፈርድበት ያልተሸከመ ሰው ሊሆን አይገባውምና።

ከፍትሕ አንጻር ይህም ይነገር። ቻይና ገልባጭ ብቻ ናት ማለት ስሕተት ነው። የሼንጀኑ ክሪያሊቲ ኩባንያ በ2018 እጅግ የተሸጠለትን «ኤንደር 3» የተባለ መኪና ንድፍ ከማኅበረሰቡ በደረሰበት ግፊትም ቢሆን ገልጦአል። በ2022 ገበያውን ያናወጠው ባምቡ ላብ ደግሞ መኪናውን ዝግ አድርጎ ቢሠራም፣ መኪናውን የሚያዝዘው ፕሮግራም ከሚስተር ፕሩሻ ፕሮግራም የወጣ ስለ ሆነ በፈቃድ ውሉ ግዴታ እርሱን ክፍት አድርጎታል። የሚስተር ፕሩሻም ፕሮግራም ኢጣልያዊው ሚስተር አሌሳንድሮ ራኔሉቺ ከጀመሩት የወጣ ነው። በሶፍትዌሩ ውሉ ሠራ፤ በብረቱ አልሠራም። ቀደም ብለን ያልነው ልዩነት ይህ ነው።

ታዲያ ክፍት ንድፍ በእርግጥ ሞቶአልን? በዚህ መካከል «ቮሮን» የሚባል የወዳጆች ማኅበር ተነሥቶአል። አባላቱ በየአገሩ ተበታትነው በትርፍ ጊዜያቸው መኪና ይነድፋሉ፤ ንድፋቸውም ከከበሩት ኩባንያዎች ሥራ የማያንስ መሆኑ ይነገርለታል። መኪና ግን አይሸጡም። በሳጥን የተሰበሰበውን ዕቃ የሚሸጡት ሌሎች ነጋዴዎች ናቸው፤ ከነርሱም ብዙዎቹ በቻይና ይገኛሉ። ነጋዴ ንድፋቸውን ቢገለብጥ የማኅበሩን እንጀራ አይቀማም፤ እንጀራቸው ከመኪናው አይደለምና። የኮርንዎል መሐንዲስም እንጀራው ከመኪናው ሽያጭ አልነበረም። ልዩነቱ ለኮርንዎሉ ማዕድኑ ደመወዝ ይከፍለው ነበር፤ ለቮሮን ሰዎች የሚከፍል የለም። ከዚህ የተነሣ ይህ መንገድ ትርፍ ጊዜ ላለው ሰው እንጂ በሙያው ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር ሠሪ መልስ እንደማይሆን ግልጥ ነው።

የቮሮንን መኪና ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ንድፉን ያወርዳል፤ የፕላስቲክ ክፍሎቹን በወዳጁ መኪና ያሳትማል፤ ዘንጉንና ሞተሩን ይገዛል፤ ሌሊት እያመሸ ይገጣጥማል። ሠርቶ ሲጨርስ መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ፊልም ለማኅበሩ ይልካል። ማኅበሩም ተመልክቶ ተራ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ባለቤቱም ቍጥሩን በመኪናው ፊት ላይ ይለጥፈዋል።